ማውጫው ላይ ወደ ውስጥ የገባው ስም

ሶሬቲ ደቻሳን ነጥብ በመደርደር የሚስተካከላት አልነበረም። ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ካለው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ጽሕፈት ቤት ከፍታ የስንቱን ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የስንቱን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ስታሳምር፣ ማውጫውን የምትሠራው በእጇ ነው። ርዕሱን ትጽፋለች፣ የነጥቧን ቁልፍ ተጭና ትይዛለች፣ ነጥቦቹ ተሰልፈው የወረቀቱ ዳር ሲደርሱ ትለቅና የገጹን ቁጥር ትመታለች። ቁጥሮቹ አንዱ ወጣ አንዱ ገባ ካለባት ነጥብ ትቀንሳለች፣ ነጥብ ትጨምራለች። «ይሄን እኮ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል» የሚላት ሰው ካለ፣ «እሱ ከሠራው እኔ ምን ልሥራ?» ብላ ታሳፍረዋለች። እልኸኛ ናት! እልኹን ከአባቷ ወረሰችው እንዳይባል እሳቸው ዝምተኛ ናቸው፤ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቀው።

ይህን ልማዷን ያስጣላት የሮቢ ዘር መጽሐፍ ነው።

ሮቢ የአባቷ የደቻሳ አያት ናቸው። ከቦሌ ለሚ ወዲያ ባለው ሜዳ ጤፍና ሽምብራ እያረሱ ኖረው አለፉ። ሜዳው ዛሬ ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዘሩም ግማሹ ሰሚት፣ ግማሹ ጎሮ፣ ግማሹ አያት ተበትኖ፣ ለቅሶ ካላገናኘው በቀር የማይገናኝ ሆኗል። ሁለት የሮቢ ዘሮች አንድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይተዋወቁ፣ ጭራሽ በመስኮት ክፈት ዝጋ ተጣልተው ሲወርዱ ያዩት ጋሽ ኩምሳ ናቸው። «ኧረ ይሄ ነገር አያምርም! ዘር እንዲህ ሆኖ ይቀራል?» ብለው የቤተሰቡን መጽሐፍ የጀመሩትም እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ኩምሳ የሮቢ በኩር የጉርሜሳ ልጅ ናቸው፤ የዛሬው የዘሩ ታላቅ። ዕድሜያቸውን መገናኛ ሚስማርና ቆርቆሮ ሲነግዱ ጨርሰው አሁን ሰሚት ተቀምጠዋል። መጻፍ አይወዱም። መናገር ግን፣ ወይ መናገር! መጽሐፉ በሁለት ቋንቋ እንዲወጣ ተወስኖ የኦሮምኛው ለሌላ ዘመድ፣ የአማርኛው ለሶሬቲ ሲሰጥ፣ በቴሌግራም ድምፃቸውን እየቀዱ ይልኩላት ጀመር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትጽፋለች። በመሃል ሳላቸው አለ፣ የጎረቤት ዶሮ አለ፣ «ቆይ፣ ሻዩን እዚያ አስቀምጪው» አለ። እሱን እሱን እየዘለለች፣ የመጣላትን በመጣበት ተራ ትጽፋለች።

የሚመረቀው ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፣ ጎሮ ከሚገኝ አዳራሽ ውስጥ፣ ዘሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። ሥርዓቱንም ጋሽ ኩምሳ አስቀድመው አውጥተውታል። የየቤቱ ስም ማውጫው ላይ በተጻፈበት ተራ ይጠራል። የተጠራው ቤት ታላቅ ብድግ ብሎ መጽሐፉን ይቀበላል፣ ይመርቃል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም ከኋላው ተነሥተው «አሜን» ይላሉ። ማውጫው ላይ ቤት ተብሎ ያልተጻፈ አይጠራም፤ ሌላ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አሜን ይላል።

ችግሩ፣ ጋሽ ኩምሳ መጽሐፉ አለቀ ሲባል የሚጀምሩ ሰው መሆናቸው ነው። «ሶሬቲ፣ የወዬሳ የልጅ ልጅ መንታ ተገላግላለች፤ እነሱን ጨምሪ።» «ሶሬቲ፣ የቶሌራን በሬ ጅብ የበላበትን ታሪክ ረስቼው፤ እሱን መሃል ላይ አስገቢ።» አንድ በሬ በገባ ቁጥር ከሥሩ ያለው ገጽ ሁሉ ይገፋል፤ ገጹ ሲገፋ ማውጫው ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ ሶሬቲም ነጥቧን እንደገና ትደረድራለች። ፍትዊ አንድ ቀን ይህንን ቆሞ አየ። ፍትዊ በሯ አጠገብ የማተሚያና የመጠረዣ ቤት ያለው፣ ከእሷ ጋር አንድ ሰሞን ኪራይ የጀመረ ጎረቤቷ ነው።

«አንቺ ሴት፣ በነጥብ ነው እንዴ የሚከፍሉሽ?» አላት።

«ሂድ ወደ ሥራህ።»

«ሥራዬማ አንቺን መጠበቅ ሆኗል። ነይ፣ ትልልቁን ርዕስ ሄዲንግ ዋን በይው፣ በሥሩ ያለውን ሄዲንግ ቱ በይው፤ ከዚያ ማውጫ አውጣ በይው። ሽማግሌው መቶ በሬ ቢጨምሩ አንዴ አፕዴት ብለሽ ታርፊያለሽ፤ ቁጥሩን ራሱ ያድሰዋል።»

ሶሬቲ አፏን አጣማ ሰማችው። እሱ ሲወጣ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ሞከረችው። ርዕሶቹን አንድ በአንድ ደረጃ ሰጠቻቸው፣ ቁልፉን ነካች፤ ዓመት ሙሉ በጣቷ ስትገፋው የኖረችው ማውጫ እልም ብሎ ጠፍቶ፣ ሌላ፣ የተስተካከለ፣ ነጥቡ አንድ ያልጎደለ ማውጫ ቦታውን ያዘ። «ወይኔ ጣቶቼን!» አለች ለራሷ።

ደስታዋ ግን ብዙም አልቆየ።

ማውጫው ላይ የጉርሜሳ ቤት ዳር ይዞ ቆሟል። የቶሌራ ቤት ዳር ይዞ ቆሟል። የወዬሳ ቤትም እንዲሁ። የነገዎ ግን፣ የሶሬቲ አያት፣ የደቻሳ አባት የነገዎ ስም፣ ከጉርሜሳ ቤት ሥር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በቀጭኑ ተጽፎ፣ እንዲህ ይላል፦

የጉርሜሳ ቤት .......... 21
        የጉርሜሳ ትዳር .......... 24
        ስለ ነገዎ .......... 29
        የኩምሳ ትውልድ .......... 31
        የበቀሉ ትውልድ .......... 38
የቶሌራ ቤት .......... 43
የወዬሳ ቤት .......... 60

ሶሬቲ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ራሷ የጻፈችው ነው እኮ! ጋሽ ኩምሳ የነገዎን ነገር ያወሩት በአባታቸው ታሪክ መሃል ስለነበር፣ እሷም እዚያው መሃል ጻፈችው። በእጇ ስትሠራው ሁሉንም መስመር ከአንድ ዳር ስለምትጀምር ማን ከማን ሥር እንዳለ አይታይም ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ይሉኝታ የለውም፤ የተጻፈውን እንዳለ አወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገዎ ወደ ሮቢ ቤት የገቡት በልጅነታቸው ነው። ከየት? እሱን የሚጠይቅ ባለጌ ነው። ጉዲፈቻ ማለት ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመርቆ፣ ልጅ ከተባለ ልጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የመጣበትን የሚያነሣ ሰው ከሠፈሩ ጋር የተጣላ ነው። ነገዎ የሮቢ ልጅ ተብለው አደጉ፣ መሬትም ከወንድሞቻቸው እኩል ተካፈሉ፣ የሮቢ ልጅ ተብለው ተቀበሩ። ስለዚህ ነገር በቤተሰቡ ውስጥ ማንም አውርቶ አያውቅም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። አሁን ማውጫው ሳያወራ ተናገረው። እሑድ ደግሞ ስም ሲጠራ አባቷ ጉርሜሳ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ የሰውን ምርቃት አሜን ሊሉ ነው።

«አይሆንም!» አለች ሶሬቲ። ብቻዋን ነበረች፤ ድምጿ ግን ፍትዊ ቤት ተሰማ።

ማውሱን ይዛ የነገዎን መስመር ጎትታ ዳር አስያዘችው። ፊደሉን አወፈረችው፣ «ስለ ነገዎ» የሚለውን አጥፍታ «የነገዎ ቤት» ብላ ጻፈችበት። አማረ። በማግሥቱ ጋሽ ኩምሳ አንዲት የተረሳች አክስት ላኩ፤ ሶሬቲ አክስቲቱን አስገብታ ቁጥሮቹ እንዲስተካከሉ አፕዴት ብትለው፣ ነገዎ ተንሸራተው ወደ ቦታቸው ገቡ፤ «ስለ ነገዎ»፣ ቀጭን፣ ጉርሜሳ ሥር። ጎተተቻቸው። ሌላ ልደት መጣ፣ አፕዴት አለችው፣ ተመለሱ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚባለው ለካ ይሄ ነው! ሶሬቲ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲህ ስትጎተት ሰነበተች፤ ማሽን ሳይሆን ሰው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይገባ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አባቷ የመጡት። ወሎ ሰፈር መነጽር ሊያሠሩ መጥተው፣ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጥተው፣ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ማውጫው ወጣ አሉኝ፤ እስቲ ልየው» አሉ።

ሶሬቲ ደስ አላት። ያን ቀን ጠዋት ነገዎን በደንብ ዳር አስይዛቸዋለች። ቁጥሩ እንዳይሳሳት ብላ አንዴ አፕዴት አደረገችና፣ ሳታየው አተመችው። ሳታየው! ሰው የለመደው እጁ ነው ጉድ የሚሠራው። ገና ሞቅ ያለውን ወረቀት አባቷ እጅ ላይ ስታስቀምጥ ነው የደረሰችበት፤ መልሳ ልትነጥቃቸው ደግሞ አልቻለችም።

አባቷ ጣታቸውን ከላይ ጀምረው አስኬዱ። ጉርሜሳ ጋ ደረሱ፣ አለፉ። ቶሌራ ጋ ደረሱ፣ አለፉ። ወዬሳ ጋ ደረሱና ወረቀቱ አለቀ። ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ባዶ ነው። እንደገና ከላይ ጀመሩ። በሁለተኛው ዙር ጣታቸው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንዲቷ ቀጭን መስመር ላይ ቆመ።

«እዚህ ነው ለካ ያለነው» አሉ።

«አባዬ፣ ስሕተት ነው፤ ኮምፒውተሩ ነው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ...»

«ተይው ልጄ። ጉርሜሳ አሳድጎታል፤ ውሸት አይደለም።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «የፋሲካው ሰሞን ብርድ አያጣውም፤ ወገቤን ሊያመኝ ይችላል። ካመመኝ አንቺ ሄደሽ ትወክይኛለሽ» አሉ።

ወገባቸውን አሟቸው አያውቅም። ለሶሬቲ ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ፣ ኩምሳን ቢረግሙ ይሻላት ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብለው መውጣታቸው ነው የገደላት። እንባዋን ጠረገችና ስልኳን አነሣች።

«ጋሼ ኩምሳ፣ የነገዎ ቤት ለብቻው ይሁን» አለች ሰላምታው እንዳለቀ።

«የነገዎ ቤት? ነገዎ እኮ እኛው ቤት ነው ያደገው! ሮቢ በጊዜ ሲሞት አባቴ ከራሱ ልጆች ሳይለይ ነው ያሳደገው። እኔም ከእኛው መሃል አስቀመጥኩት፤ አቀፍኩት እኮ! ይሄ ክብር ነው ልጄ።»

«የታቀፈ ሰው ተጠርቶ አይነሣማ ጋሼ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ!»

«ደግሞስ ወዬሳም ሮቢ ሲሞቱ ሕፃን ነበሩ። እሳቸውንም ያሳደጉት አባትዎ ናቸው። ታዲያ እሳቸው ለምን ለብቻቸው ቤት ሆኑ?»

«ወዬሳማ...» አሉ ጋሽ ኩምሳ። የሚቀጥለው ቃል በዚያ ቤተሰብ ውስጥ የማይወጣ ቃል ነው፤ አፋቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ ሶሬቲ በስልክ ሰማችው። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ሌላ መንገድ ያዙ። «ማውጫ ነው እኮ! ማን ያነበዋል? ሰው የራሱን ገጽ ካገኘ ይበቃዋል። ደግሞ ቤት ከተባለ ምዕራፍ ይፈልጋል፤ ለሁለት ገጽ ምዕራፍ አለ እንዴ? አታካብጂው በይ፣ ደኅና ዋይ።»

ጋሽ ኩምሳ ክፉ ሰው አይደሉም። ሶሬቲ ትምህርቷን ስትጨርስ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ተሸክመው ይዘውላት የመጡት እሳቸው ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሳቸው ግን መውጋታቸውንም አላወቁት። ያላወቀን ሰው በምን ታሳውቀዋለህ? በስልክ እንደማይሆን ሶሬቲ ገብቷታል።

በማግሥቱ ጠዋት ሌላ ደንበኛ አላስገባም ብላ ተቀመጠች። ጎተተች፣ ተመለሰ። መስመሩን ቆልፋ ሞከረች፣ ተመለሰ። መብራት ሄዶ መጣ። ፍትዊ የወረቀት እሽግ ተሸክሞ ሲያልፍ አያትና ቆመ።

«አሁንም ማውጫው ላይ ነሽ? እዚያማ ምንም የለም እኮ» አላት።

«እንዴት ምንም የለም? ይኸው እየታየኝ!»

«የሚታይሽ ከውስጥ የመጣው ነው። ማውጫ የራሱ ነገር የለውም፤ ውስጥ የተጻፈውን ነው የሚያወጣው። ውስጥ ገጹ ላይ ሄዲንግ ቱ ካልሽው፣ እላይ ስትጎትቺው ብትውዪ ዋጋ የለውም። ምዕራፉ ጋ ሂጂ።»

ሶሬቲ ግንባሯን መታች። ወደ ገጹ ወረደች። ጋሽ ኩምሳ ስለ አባታቸው ትዳር ተናግረው ሲያበቁ፣ ስለ ራሳቸው ልጆች ሳይጀምሩ፣ ከሁለቱ መሃል ሁለት ገጽ የማይሞላ ነገር አለ። «ስለ ነገዎ» የሚለውን አጠፋች። «የነገዎ ቤት» ብላ ጻፈች። ሄዲንግ ዋን አለችው። ትንፋሿን ይዛ ወደ ማውጫው ተመለሰችና አፕዴት።

ነገዎ ዳር ያዙ። ደግማ አፕዴት አለችው፤ አልተነቃነቁም። እልል ልትል አፏን ስትከፍት ዓይኗ ከነገዎ ሥር አረፈ፦

የነገዎ ቤት .......... 29
        የኩምሳ ትውልድ .......... 31
        የበቀሉ ትውልድ .......... 38

ከነገዎ በኋላ የተጻፈ ነገር ሁሉ የነገዎ ሆኗል። ጋሽ ኩምሳ ከነልጆቻቸው፣ እህታቸው በቀሉ ከነልጅ ልጆቿ፣ ሁሉም ተጠቃለው ነገዎ ቤት ገብተዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ፍትዊ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እሽጉን መሬት ላይ አስቀምጦ ሳቀ።

«ምን ያስቃል? አሁን ይሄን ምን ላድርገው?»

«ቀላል ነው፤ የነገዎን ገጾች ቆርጠሽ ከጉርሜሳ ምዕራፍ ውጪ ለጥፊያቸው። ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል።»

ሶሬቲ ገጾቹን መረጠች። ልትቆርጥ ጣቷን አነሣች። ከዚያ ጣቷ አየር ላይ ቀረ፤ ፊቷ ላይ ፍትዊ የማያውቀው ነገር መጣ።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ አንድ ኮፒ አትምልኝ። እንዲሁ እንዳለ።»

«ሶሪ፣ ተይ። ሽማግሌ ናቸው።»

«አባቴም ሽማግሌ ናቸው» አለችና ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

ከወሎ ሰፈር መገናኛ፣ ከመገናኛ ሰሚት እስክትደርስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። ታክሲው ውስጥ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብላለች። ጋሽ ኩምሳ ደማቸው ከፍ ያለ ነው፤ ቢያማቸውስ? ዘሩ ሁሉ «የነገዎ ልጅ ገደለቻቸው» ቢልስ? ግን በዚያ በኩል ደግሞ ጣታቸው ወረቀት ላይ የቆመ አባቷ አሉ። ሰሚት ወረደች።

ጋሽ ኩምሳ በረንዳቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ግንባሯን ሳሟት፣ ውሃ አስመጡላት፣ ወረቀቱንም «የመጨረሻው ነው? ጎሽ!» ብለው ተቀበሏት። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ጉርሜሳ ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማውጫው ነው ጋሼ።»

«ማውጫ መሆኑንማ አየሁ! የኩምሳ ትውልድ ነገዎ ቤት ምን ይሠራል? እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«አቅፈዎት ነዋ።»

«አትቀልጂ!» ጋሽ ኩምሳ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ የጉርሜሳ በኩር! ስንት ዘመን የቆመ ቤት! የልጅ ልጆቼ ይሄን ከፍተው ‹አባባ፣ እኛ የማን ነን?› ቢሉኝ ምን ብዬ ልመልስ ነው? በሕይወት እያለሁ ከአባቴ ቤት ታወጪኛለሽ? ማን አስተማረሽ ይሄን?»

ሶሬቲ የውሃ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ማውጫ ነው እኮ ጋሼ። ማን ያነበዋል?»

ጋሽ ኩምሳ ወረቀቱን እንደገና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው፣ በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል፤ እርስዎን ከአባትዎ ቤት የሚያወጣ የለም» አለች ሶሬቲ። «አባዬም ልክ እንደዚህ በጣታቸው ነበር ያነበቡት። ሁለት ጊዜ። የሳቸው ግን የኮምፒውተር ስሕተት አልነበረም። እንደ እርስዎም አልጮሁም። ‹ለዕለቱ ወገቤን ሊያመኝ ይችላል፤ አንቺ ትወክይኛለሽ› ነው ያሉት።»

ጋሽ ኩምሳ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው ሳያደርጉት ያዙት። ታች መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«ደቻሳ አይመጣም?»

«አይመጡም።»

«አባቴ ሊሞት ሲል» አሉ ጋሽ ኩምሳ፣ ልጆቹን እያዩ፣ «ነገዎን አስጠራው። እጁን ይዞ ያለው ‹ወንድሜ› ነው። ‹ያሳደግኩህ› አላለውም። እኔ ራስጌው ቆሜ ነበር፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ እኔ ምን ነክቶኝ ነው?» ዓይናቸው ረጠበ፤ መነጽሩን አደረጉበት። «አስተካክይው። ዳር አስይዥው። ግን ሶሬቲ፣ ምዕራፍ የሚሆን ነገር የለኝም። እኔ የማውቀው ጎጆ እስኪወጣ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው ደቻሳ ነው፤ እሱ ደግሞ አይናገርም።»

«ይናገራሉ።»

«ደቻሳ? ሰርግ ላይ እንኳ ‹እንኳን ደስ ያላችሁ› ለማለት ሰው የሚወክል?»

«እርስዎ ከጠየቋቸው ይናገራሉ።»

ስልኩን ደውላ ሰጠቻቸው። ጋሽ ኩምሳ እንደ ልማዳቸው ጮኹበት። «ደቻሳ! አንተ ሰውዬ፣ ወገቤን ሊያመኝ ነው ብለሃል አሉ! እንዳያምህ! ምዕራፍ አለብህ!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ። ሶሬቲ ውሃዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባችላቸው።

አባቷ በማግሥቱ ጽሕፈት ቤቱ መጡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሶሬቲም ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻቸው። «ነገዎ ጥሩ ሰው ነበር» አሉ በመጨረሻ። ጻፈችው። ሌላ አልመጣም። እንዲህ ከቀጠለ ምዕራፉ አንድ መስመር ሊሆን ነው ብላ ፈራች።

«አባዬ፣ አያቴ በሬዎቻቸውን ምን ብለው ነበር የሚጠሯቸው?» አለች።

አባቷ ቀና አሉ። ሳቁ። የበሬዎቹን ስም ተናገሩ፤ ከበሬዎቹ ወደ እርሻው፣ ከእርሻው ነገዎ ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ ሄዱ፤ በበጋ ሠፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት፣ ነገዎም ማንንም ከልክለው የማያውቁበት ጉድጓድ። ክረምት ላይ አንዲት ምጥ የያዛት ጎረቤት በቃሬዛ ይዘው ጭቃውን ሲያቋርጡ፣ ከፊት የተሸከሙት ነገዎ እንደነበሩ ተናገሩ። ልጅ መትተው እንደማያውቁ፣ ሲናደዱ ግን እያፏጩ በግቢው ዙሪያ እንደሚሄዱ ተናገሩ። ፍትዊ ወረቀት ሊበደር ገብቶ፣ ወረቀቱን ረስቶ፣ በሩን ተደግፎ ሰማ። ሶሬቲ አንዳንዴ ስክሪኑ አይታያትም ነበር፤ በጣቷ ብቻ ትጽፋለች።

አባቷ እንዲህ እየተመላለሱ ነገሯት። ጋሽ ኩምሳ ከሰሚት፣ «ደቻሳ አላበቃም እንዴ? የሱ ምዕራፍ ከኔ ሊበልጥ ነው እኮ!» የሚል ድምፅ ላኩ። ሶሬቲም ምዕራፉን ቆርጣ፣ በልደት ተራው ከቶሌራ ቀጥሎ ለጠፈችው፣ ሄዲንግ ዋን አለችው፣ አፕዴት አለችው። ጉርሜሳ ዳር፣ ቶሌራ ዳር፣ ነገዎ ዳር፣ ወዬሳ ዳር። ኩምሳም በቀሉም አባታቸው ቤት ገብተዋል። አባቷን ጠርታ ስክሪኑን አሳየቻቸው።

አባቷ አዩት፤ ጣታቸውን ግን አላስኬዱም። «መጻፍ አንድ ነገር ነው ልጄ» አሉ። «ኩምሳ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲጠራው ያን ጊዜ አምናለሁ። ሰው በቤቱ የሚለውና አደባባይ የሚለው ይለያያል።»

ይህቺ ንግግር ሶሬቲን እስከ እሑድ እንቅልፍ ነሳቻት። እውነታቸውን ነው። በሰሞኑ አንዳንድ ዘመድ፣ «አራት ቤት ሆነ እንዴ? ሦስት አልነበረም?» እያለ ይደውል ነበር። ጋሽ ኩምሳ አደባባይ ላይ ይሉኝታ ቢይዛቸውስ? አንዷን መስመር ቢዘሏትስ? እሱን የሚያስተካክል አፕዴት የለም።

እሑድ ዕለት የጎሮው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አባቷ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ግን ፊት አልተቀመጡም። መሃል ላይ፣ የማንም ያልሆነ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ሞሉ፤ ሶሬቲ ከጎናቸው። ጋሽ ኩምሳ መጽሐፉን ይዘው ማይኩ ጋ ቆሙ፣ ማውጫውን ገለጡ።

«የጉርሜሳ ቤት!» አሉና ራሳቸው ተቀበሉ፣ መረቁ። አዳራሹ አሜን አለ።

«የቶሌራ ቤት!» አሉ። አንዲት አሮጊት በሁለት ልጆች ተደግፈው ተነሡ፣ መጽሐፉን ሳሙት፣ መረቁ። አሜን።

ጋሽ ኩምሳ ወደ መጽሐፉ አጎነበሱ። ሶሬቲ የአባቷን ክንድ ጨበጠች። ከኋላ የሆነ ሰው ሲያንሾካሹክ ተሰማ። ጋሽ ኩምሳ ቀና አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሳያነቡ፣ ሰዉን እያዩ፣

«የሮቢ ልጅ፣ የነገዎ ቤት!» አሉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ደቻሳን አየ። ደቻሳ ግን አልተነሡም። እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደርበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ሶሬቲ ደነገጠች፤ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«አባዬ፣ ተጠሩ እኮ! አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ይነሡ እንጂ!»

«ቆይ» አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አንድ ጊዜ ይድገመው።»

ሶሬቲ ቀና ብላ ጋሽ ኩምሳን አየቻቸው። ጋሽ ኩምሳም ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉና ደገሙት።